የጋራዡ ደረቅ ጉድጓድ

ጉድጓድ ቁፋሮ የጀመርኩት ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጌጃ ሰፈር አክስቴ ቤት ተጠግቼ እኖር ነበር። ጉልበት ነበረኝ፣ ሙያ አልነበረኝም። አንድ ጠዋት ወደ ልደታ ወረድኩና ጋሽ ሽኩርን ደጃቸው ላይ ገመድ ሲፈትሹ አገኘኋቸው። ጋሽ ሽኩር በወጣትነታቸው ከስልጤ አገር የመጡ ሰው ናቸው። በዚያ ሰፈር ውኃ የሚያወጣ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው የእሳቸው ስም ነበር።

«ጋሼ፣ ሥራ ፈልጌ ነው» አልኳቸው።

«መጎተት ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«ዝም ማለትስ?»

የምመልሰው ጠፍቶኝ ቆምኩ።

«ይኸው፣ እሱንም ትችላለህ» አሉና የገመዱን ጫፍ ወረወሩልኝ።

የዚያን ቀን ሥራ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ ባለ አንድ ግቢ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚቆፍረው «ወራጅ» ይባላል፤ የሥራው አለቃም እሱ ነው። ከላይ ሆኖ አፈሩን በባልዲ የሚያወጣው፣ ወራጁንም የሚያወርደውና የሚያወጣው «ጎታች» ነው። እኔ ጎታች ሆንኩ። ከቀትር በፊት አንዲት ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። በአንድ እጄ ላባርራት ስል ገመዱ ሸተት አለና አፈር የሞላው ባልዲ አንድ ክንድ ያህል ተመልሶ ወረደ። ከታች የነበሩት ጋሽ ሽኩር ናቸው። ሲወጡ አልመቱኝም፣ አልተቆጡኝምም።

«ገመድ የያዘ ሰው ዝንብ አያባርርም» አሉኝ። «ትብላህ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ዝንብ በልታኛለች። ገመድ ግን ለቅቄ አላውቅም። ልጆቼን ሳሳድግም ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘሁም።

ሁለተኛው ትምህርት የጧፍ ነበር። ያደረ ጉድጓድ መጥፎ አየር ይይዛል። ስለዚህ ከሰው በፊት ጧፍ ይወርዳል። ጧፉን ለኩሰን በጣሳ ውስጥ አቁመን በቀጭን ገመድ እናወርደዋለን። ታች ደርሶ ከበራ ወራጁ ይከተላል። ከጠፋ ማንም አይገባም። ጋሽ ሽኩር ይህን ሥርዓት ለባለጠጋም ለድሀም፣ ለቸኮለም ላልቸኮለም አላጎደሉም።

ሌላም ሥርዓት ነበራቸው። እሱ የኋላ ኋላ ብዙ ነገር ስላመጣ እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ተቆፍሮ ውኃ ያልተገኘበት ጉድጓድ አንድ ክረምት ሳያይ አይደፈንም። አፉ በግንድና በእሾህ ይከደንና ይተዋል። አንዳንዱ ጉድጓድ በበጋ ደርቆ ዝናብ ሲጠግብ ውኃ ያነሳ ነበርና ሥርዓቱ ከንቱ አልነበረም። ኩራትም ነበረበት። የራሱን ጉድጓድ የደፈነ ቆፋሪ «መሬት አሸነፈችው» ይባል ነበር። ይህ የጋሽ ሽኩር ብቻ ሳይሆን እኔ የማውቃቸው የቆፋሪዎች ሁሉ ልማድ ነው።

ስለ ወንዙም ልናገር። ከልደታ በታች የሚያልፈው ወንዝ ልብስ ይታጠብበት፣ ከብት ይጠጣው ነበር። ለመጠጥ የሚሆነው ውኃ ከወንዙ ዳር ካሉት ትንንሽ ምንጮች ይቀዳ ነበር። ጣሊያን ከላይ፣ ከዳገቱ ላይ የጭነት መኪና መጠገኛ ጋራዥ ሠራ። ለቦታውና ለምሰሶው ሲል ዳገቱ ላይ የነበረውን ጥድ ቆረጠ። በመጀመሪያው ክረምት የዳገቱ አፈር ወርዶ ምንጮቹን ደፈናቸው። ወንዙ ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይደፋበት ጀመር። ፀሐይ ስታርፍበት የቀስተ ደመና ቀለም ያሳይ ነበር፤ ልጆች ውበት መስሏቸው ይሰበሰቡ ነበር።

ሁሉን በጣሊያን ማሳበብ ግን ውሸት ነው። ከጥዱ የተረፈውን ወይራ ለማገዶ የጨረስነው እኛው ነን። አክስቴም እኔም አቃጥለነዋል። ምንጭ የሚጠፋው በአንድ ሰው እጅ አይደለም።

ምንጮቹ ሲጠፉ ሰው ሁሉ ጉድጓድ ፈለገ። የእኛ ሥራ ደራ። ሌላው ውኃ ባጣ ቁጥር እኛ እንጀራ አገኘን። ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ዛሬ ሳስበው ደስ አይለኝም።

በዚያው ዓመት በጋ ጋራዡ ራሱ ጠራን። መኪና የሚያጥቡበት ውኃ ፈልገው ነበር። የጋራዡ ሹም ሲኞር ብሩኖ የሚባል ወፍራም፣ ዝምተኛ ጣሊያን ነበር። አስተርጓሚው ተስፋይ የሚባል ከአሥመራ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ነገር ግን ጥላውን የሚፈራ ሰው። ቦታውን የመረጡት ጋሽ ሽኩር ራሳቸው ናቸው። ተሳሳቱ። ጥቁሩን አፈር፣ ቀዩን አፈር አልፈን ስንጥቅ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ ላይ ደረስን። በዲጂኖ እየፈለጥን ወረድን። ርጥበት እንኳ አላገኘንም።

ሲኞር ብሩኖ መጥቶ ጠጠር ጣለበትና ድምፁን አዳመጠ። አንድ ነገር ተናግሮ ሄደ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ሽኩር።

ተስፋይ ወዲያ ወዲህ አየ። «‹ጉድጓድ አዘዝኩ፣ መቃብር ቆፈሩልኝ› አለ።»

«ክረምቱን ይጠብቅ በለው።»

አፉን በግንድ ከድነን መሣሪያችንን ተሸክመን ወረድን። ጋራዡም በቦቴ መኪና ውኃ ማስመጣት ጀመረ።

አሁን ወደ እትዬ አስካለ ልምጣ። እትዬ አስካለ ከጋራዡ በታች፣ ከዳገቱ ግርጌ የሚኖሩ፣ ጠላ ጠምቀው የሚተዳደሩ ባልቴት ነበሩ። ጉድጓዳቸውን የቆፈሩላቸው ጋሽ ሽኩር ናቸው፣ ጣሊያን ሳይመጣ። ጥርስ የሚያቀዘቅዝ፣ ጥሩ ውኃ ነበር። ጠላቸው እስከ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ስም ነበረው። ምንጮቹ ከደረቁ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ እንስራውን ይዞ እሳቸው ግቢ ይሰለፍ ነበር። አንድም ቀን «በቃ» ብለው አያውቁም። ጉድጓድ ያለው ሰው ጎረቤት አይከለክልም፤ ይህ የሰፈሩ ደንብ ነው። እሳቸው ደግሞ ደንቡን እንደ ሃይማኖት ነበር የያዙት።

መስከረም ጠብቶ ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ሽኩርን አስጠሯቸው። ስንደርስ በር ላይ ቆመው ነበር። ሻሻቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወድቋል።

«አንተ ሽኩር! ምን ብታስቀምጥብኝ ነው ጠላዬ መኪና መኪና የሚሸተው?»

«እኔ ምን አስቀምጥብዎታለሁ፣ እትዬ?»

«ትናንት አንዱ ጠጪ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹እትዬ፣ አንድ ድገሙኝማ፤ ይህን ጠጥቼ በእግሬ ቢሾፍቱ ከመኪናው እኩል እገባለሁ› አለኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። ጋኑን እንዳለ ደፋሁት።»

ጎረቤቶች ተሰብስበው ነበር። አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምቀኛ ነገር ጥሎባቸው ነው» አለች።

«ምቀኛ የሞተር ዘይት ከየት ያመጣል?» አሉ ጋሽ ሽኩር። «ጧፍ አምጡ።»

ጧፉ ወረደ፣ በራ። እኔን «ግባ» አሉኝ። በዚያን ጊዜ መውረድ ተምሬ ነበር። በግድግዳው ላይ በተጠረቡት መርገጫዎች እየተንጠላጠልኩ ውኃው ጋ ደረስኩ። በዳገቱ በኩል ባለው ግድግዳ አንድ ስንጥቅ ነበር። ውኃው የሚመጣው በእሱ ነው። በስንጥቁ ከንፈር ላይ ጥቁር ነገር ተጣብቋል። በጣቴ ነካሁት፣ አሸተትኩት።

ወጥቼ ጣቴን ለጋሽ ሽኩር አሳየኋቸው። እሳቸውም አሸተቱ። እኔንም እትዬ አስካለንም አላዩም። ቀና ብለው ዳገቱን አዩ።

«ተነስ» አሉኝ።

ጋራዡ በር ላይ አንድ ጎማ ለዋጭ የሰፈራችን ልጅ ገና ከሩቅ አይቶን ሳቀ።

«ጋሽ ሽኩር! ዕድሜ ይስጥዎ! ድንቅ ጉድጓድ ነው እኮ የቆፈሩልን። ክረምቱን ሙሉ በርሜል በርሜሉን ስንደፋበት ከረምን፤ አይሞላም!»

ልጁ የተናገረው ከልቡ ነው፣ ምስጋና ነበር። ጋሽ ሽኩር ጢማቸውን ይዘው ወደ ጉድጓዱ አዩ። ጉድጓዱ የማይሞላው ድንጋዩ ስለሚጠጣው ነው። ድንጋዩ የጠጣውን ደግሞ ዝናብ ገፍቶ እትዬ አስካለ ጋ አድርሶታል። ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም፤ ለእኔም ያኔውኑ ገባኝ።

ወደ ሹሙ ለመግባት ቀላል አልነበረም። ያ የካቲት ገና ከሰው ዓይን አልጠፋም። በሰፈራችን ለቅሶ ያልተቀመጠበት ቤት ጥቂት ነው። አንድ አበሻ ጣሊያን ፊት ቆሞ «አጠፋህ» ማለት ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጋሽ ሽኩር ኮፍያቸውን አስተካክለው ገቡ። እኔም ተከተልኩ።

«ለሹሙ ንገርልኝ» አሉት ተስፋይን። «ጉድጓዱ ውስጥ የሚደፋው ዘይት ከታች ሰው የሚጠጣው ውኃ ውስጥ ገብቷል።»

ተስፋይ በሹክሹክታ «ጋሽ ሽኩር፣ ‹ማን ጠየቃችሁ› ቢለኝስ?» አለ።

«ውኃው ጠየቀ በለው።»

«እሱንስ አልተረጉምም።»

ከዚያ ከተነገረው አጠር ያለ ነገር ተናገረ። ሲኞር ብሩኖ አልተቆጣም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማ። ሲመልስም ድምፁ ሰው የአየር ጠባይ ሲያወራ ያለው ዓይነት ድምፅ ነበር።

«‹መሬት ሰፊ ነው፣ ሁሉን ይውጣል› ይላል» አለ ተስፋይ። «‹ወንዙ ተበላሸ ተብዬ ጉድጓድ አገኘሁ። ጉድጓዱን ተው ከተባልኩ ወደ ወንዙ እመልሰዋለሁ። ዘይቱ የሆነ ቦታ መሄዱ አይቀርም። ምረጡ› ይላል።»

እኔ ቀለል አለኝ። «ወንዙ ይሻለናል ጋሼ፤ እሱ እንደሁ ተበላሽቷል» አልኩ።

ጋሽ ሽኩር ዞረው አዩኝ። «ከእኛ በታች ወንዙ ዳር ያለው ድንጋይ ነው? ሰው አይደለም?»

ዝም አልኩ። ዝም ማለትም ይችላል ተብዬ አልነበር የተቀጠርኩት?

እሳቸው ወደ ተስፋይ ተመለሱ። «በርሜሉን እኔ ልውሰድለት በለው።»

ሹሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «‹ምን ልታደርገው? ልትጠጣው ነው?› ይላል።»

«ለአጥር እንጨት። ተክለ ሃይማኖት አጣና የሚሸጡ ሰዎች አውቃለሁ። የአጥር እንጨት እግሩ የተቃጠለ ዘይት ከተቀባ ምስጥ አይበላውም።»

ሲኞር ብሩኖ ትከሻውን ነቀነቀ። መውሰድ እንደምንችል፣ ባዶውን በርሜል ግን እንድንመልስ ነገረን። ይህን ያደረገው ደግ ስለሆነ ነው አልልም። ክፉ ስለሆነም አልነበረም ዘይቱን የደፋው። አልቸገረውም፣ ይኸው ነው። እኔ በዕድሜዬ ካየሁት ጥፋት አብዛኛው የተሠራው ባልቸገረው ሰው ነው።

የቀረው ጉድጓዱን ማጽዳት ነበር። ግንዱን አንስተን እኔ እንደ ልማዴ ጧፍ ልለኩስ ክብሪት አወጣሁ። ጎማ ለዋጩ ልጅ እየጮኸ ሮጠና ክብሪቱን ከእጄ መታው።

«አብደሃል? ቤንዚንም እኮ ደፍተንበታል! ልደታን ልታነድዳት ነው?»

የብዙ ቆፋሪን ነፍስ ያቆየው ሥርዓት ያን ቀን ሊገድለን ነበር። ጋሽ ሽኩር ቁጭ ብለው አሰቡ። ከዚያ እትዬ አስካለ ቤት ሄጄ አንድ ዶሮ እንዳመጣ ላኩኝ። እትዬ አስካለ ዶሮዋን አቅፈው እራሳቸው መጡ።

«ሽኩር፣ ዶሮዬ ከሞተች አንተን ነው ወጥ የማደርግህ።»

«እኔ አልጣፍጥም፣ እትዬ። ጅማት ብቻ ነኝ።»

ዶሮዋን በቅርጫት አስቀምጠን አወረድናት። የጋራዡ ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው ከበቡን። «ጋሽ ሽኩር ወራጅ ቀየሩ!» አለ አንዱ። «እሷ እንኳ ጢም የላትም!» አለ ሌላው። ስናወጣት ራሷን ስታ አንገቷ ተንጠልጥሎ ነበር። እትዬ አስካለ እስክትነቃ ድረስ ክንፏን አራገቡላት። ያን ቀን ማንም አልገባም። ቅጠል ያለው ረጅም ቅርንጫፍ በገመድ አስረን እያወረድንና እያወጣን አየሩን ስንቀይር ዋልን። በማግስቱ ደግመን ብናወርዳት ዶሮዋ እየጮኸችና እየተራገጠች ወጣች። ዘይት በዘይት ሆናለች። ጋሽ ሽኩር እኔን አላስገቡኝም። «የቆፈርኩት እኔ ነኝ» ብለው ወረዱ።

ጥቁር ጭቃ ስናወጣ ሰነበትን። ባልዲው በወጣ ቁጥር «ይህስ የት ይደፋ?» የሚል ጥያቄ አብሮት ይወጣ ነበር። በመጨረሻ ሹሙን አስፈቅደን መኪና በሚመላለስበት የጋራዡ መንገድ ላይ አነጠፍነው፤ አቧራ ይይዛል ተብሎ። ጥሩ መላ ነበር ማለት አልችልም። ዝናብ ሲመጣ ከዚያ ታጥቦ የት እንደሄደ አላየሁም። ካሰብነው የተሻለው እሱ ነበር። ጉድጓዱን ከግርጌው ጀምረን በሸክላ አፈር ሞላነው፤ በየክንዱ እየረገጥን፣ በግንድ እየጠቀጠቅን። ጋሽ ሽኩር ክረምት ያየ ጉድጓድ ሲደፍኑ ቀና ብለው አላዩም። «መሬት አሸነፈቻቸው» የሚል ካለ ይበል።

የእትዬ አስካለን ጉድጓድ ደግሞ እየቀዳን ደፋን። ደጋግመን ቀዳን። ስንጥቁን በሸክላ ለመድፈን ሞከርን፤ ውኃው በሌላ በኩል መጣ፣ ሽታውም አብሮት። ጥምቀት ደረሰ፣ ሽታው አልጠፋም። ጋሽ ሽኩር በመጨረሻ እውነቱን ነገሯቸው።

«እትዬ፣ ይህ ውኃ በእኔም በእርስዎም ዕድሜ የሚጠራ አይመስለኝም። ቢደፈን ነው የሚሻለው።»

«አንተ ውኃ አውጣ ተብለህ የተፈጠርክ ሰው ውኃ ልትደፍን?» አሉና በሩን ዘጉብን።

አልፈረድኩባቸውም። ጉድጓዱ ከሌለ ጠላ የለም። ጠላ ከሌለ ቤቱ በምን ይቆማል? ውኃው ይጠራል ብለው ተስፋ አድርገው ጋናቸውን አጥነው አስቀምጠው ነበር።

ከሳምንት በኋላ ግን እራሳቸው እኛ ጋ መጡ። እትዬ አስካለ በጋሽ ሽኩር ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና መሬቱን እያዩ ተናገሩ። ጠዋት አንዲት አራስ ጎረቤታቸው እንስራ ይዛ መጣች። ለልብስ እንደሆነ ጠየቋት። ለመጠጥ ነው አለች። ሌላው ውኃ ሩቅ ነው፣ ወገቧ አልጠናም።

«‹ይሸታል እንጂ አይገድልም፣ እትዬ፤ እርስዎ ደግሞ ውኃ አይከለክሉም› አለችኝ። ምን ልበላት፣ ሽኩር? ከልክዬ አላውቅ። ነገም ትመጣለች። ሌላዋም ትመጣለች። እኔ ልከለክላቸው አልችልም።» ቀና አሉ። «ድፈነው።»

በማግስቱ ሄድን። ዳገቱ ሥር ያለው ግቢያቸው ጠባብ ነው፤ ሌላ ጉድጓድ ብንቆፍርም ያንኑ ውኃ ነው የምናገኘው። ጋሽ ሽኩር ይህን አስቀድመው ነግረዋቸዋል። የመጀመሪያውን አካፋ አፈር እትዬ አስካለ እራሳቸው ደፉ። አፈሩ ውኃው ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። ከዚያ እኛ ቀጠልን። እሳቸው ጋኖቹን አንድ በአንድ ወደ ደጅ አውጥተው ለጎረቤት ሰጡ። ከዚያ በኋላ ቆሎ እየቆሉ ይሸጡ ነበር። ጠላ ዳግመኛ አልጠመቁም። ለአራሷ እኔና ጋሽ ሽኩር በየተራ ከሩቅ ጉድጓድ ውኃ አደረስንላት፣ ልጇ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ።

ጣሊያን ወጣ። ጋሽ ሽኩርም አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ሥራውን እኔ ያዝኩት። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ወዲህ ለብቻዬ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ ላይ ስሕተት ብታገኙ አትደነቁ። ቁፋሮ ላይ ግን የማውቀውን በቅጡ ልጽፍላችሁ እችላለሁ።

ደረቅ ጉድጓድ በዕለቱ ይደፈናል። ክረምት አይጠብቅም። ከግርጌው በሸክላ አፈር፣ በየክንዱ እየተጠቀጠቀ። «ውኃ ያነሳ ይሆናል» የሚል ባለቤት ይኖራል፤ አትስሙት። አዲስ ጉድጓድ ስትቆፍሩ አፈሩን ከማየታችሁ በፊት ዳገቱን እዩ፤ ከላይ ማን እንዳለ፣ ምን እንደሚደፋ ጠይቁ። ከታች ማን እንደሚጠጣም ጠይቁ። አጥር የሚቆመው መሬት ላይ ነው። ከመሬት በታች የእናንተ ግቢና የጎረቤታችሁ ግቢ አንድ ግቢ ነው።